ቄስ ጆን ሮስኮና የካምፓላ ዐፅሞች

በአገራችን ሰው ትውልዱን ሲናገር ዐጥንት ይቈጥራል፤ አገሩን ሲያመለክት እትብቱ የተቀበረበትን ቦታ ይጠራል፤ አደራ የበላ ሰውም ያባቶቹ ዐጥንት እንዲወጋው ይረገማል። እንግዲህ ዐጥንት በእኛ ዘንድ ምስክርም ዳኛም ነው እንጂ የተጣለ ነገር አይደለም። ከዚህ አሳብ ጋራ በጣም የሚቀራረብ ልማድ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው በቡጋንዳ መንግሥት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ይህንን ልማድ ከሽማግሌዎች አፍ ሰብስበው በመጽሐፍ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቄስና መምህር ጆን ሮስኮ ናቸው።

የእኒህን ሰው ታሪክ ለመምህራን መታሰቢያ በሚሆን መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ የሰውን ልጅ ኑሮና ልማድ መመርመር የጀመሩት በመምህርነት ሥራ ላይ ሳሉ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ዕውቀትን በመሰብሰብና የሰውን ቅርስ በመውሰድ መካከል ያለው ድንበር የት ላይ እንደ ሆነ ታሪካቸው አጉልቶ ማሳየቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ጆን ሮስኮ በ1861 በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ተወለዱ። ወጣት ሳሉ ወደ አንድ የእንግሊዝ የወንጌል መልእክተኞች ማኅበር ገብተው በ1884 ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ተላኩ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፉት ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር ነው። ወደ ቡጋንዳ የተዛወሩትም በ1891 ነበር።

እርሳቸው አፍሪቃን በረገጡበት በዚያው በ1884 ዓመት የቡጋንዳው ካባካ፥ ማለት ንጉሡ፥ ቀዳማዊ ሙቴሳ ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሠው ልጃቸው ምዋንጋ በ1886 ብዙ ክርስቲያን ወጣቶችን አስገደለ። ከ1888 ጀምሮም እስላሞች፥ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች እየተፈራረቁ አገሪቱን በጦርነት አመሷት። በ1890 መጨረሻ ካፒቴን ሉጋርድ የሚባለው የእንግሊዝ መኰንን ደርሶ ከኰረብታዎቹ ባንደኛው ላይ ምሽጉን ሠራ። ያ ኰረብታ ሚዳቋ መሳይ የዱር እንስሳ የሚሠማራበት ስለ ነበረ ካምፓላ የሚለው ስም ከዚሁ እንስሳ ስም ወጥቶለታል። በ1894 እንግሊዞች አገሪቱን በጥበቃቸው ሥር አድርገናል ብለው ዐወጁ።

የዛሬዋ ካምፓላ የበቀለችው እንደ አዲስ አበባችን በኰረብታዎች ላይ ሆና፥ እያንዳንዱም ኰረብታ የየራሱ ሥራ ነበረው። በሜንጎ ላይ የካባካው ቤተ መንግሥት፥ በናሚሬምቤ የፕሮቴስታንቶች፥ በሩባጋ የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። በካሱቢ ላይ ደግሞ ቀዳማዊ ሙቴሳ ያረፉበት ታላቅ የሣር ክዳን ቤት ቆሞ ነበር። ሮስኮ የኖሩትና ያስተማሩት በእነዚህ ኰረብታዎች መካከል ነው።

ከ1899 እስከ 1909 ሮስኮ በሜንጎ የሚገኘው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ኀላፊ ሆነው ሠሩ። ተማሪዎቻቸው የአገሩ ተወላጆች ሲሆኑ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ቄሶችና አስተማሪዎች ይሆኑ ነበር። ሮስኮ የአገሩን ቋንቋ ሉጋንዳን አጥብቀው ስላወቁ ከሽማግሌዎች ጋራ ያለ አስተርጓሚ ለመነጋገር ቻሉ። ይህ ችሎታ ለሥራቸው ሁሉ መሠረት ሆነ። በዚያን ዘመን ስለ አፍሪቃ ከጻፉት አውሮፓውያን ብዙዎቹ በመንገድ ሲያልፉ ያዩትን ወይም በአስተርጓሚ በኩል የሰሙትን ሲጽፉ፥ እርሳቸው ግን በአንድ አገር ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው፥ እንግሊዝኛ ከማያውቁ ሰዎች በቋንቋቸው ጠይቀው ጻፉ።

ወደዚህ ጥናት የመራቸው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሚኖር ጄምስ ፍሬዘር የሚባል ሊቅ ነው። ፍሬዘር ወርቃማው ቅርንጫፍ የሚል ስም የሰጠውን መጽሐፍ በ1890 ያሳተመና ስለ ዓለም ሕዝቦች እምነት ብዙ የጻፈ ሰው ሲሆን፥ እርሱ ራሱ አፍሪቃን አንድ ቀን እንኳ አላያትም። ስለዚህ ስለ ልማድ፥ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ቀብርና ስለ አምልኮ የሚጠይቁ ብዙ ጥያቄዎችን አሳትሞ በሩቅ አገር ለሚኖሩ ሰዎች ይልክ ነበር። ሮስኮ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በመስጠት ጀምረው በመጨረሻ የፍሬዘር የቅርብ ወዳጅ ሆኑ።

ነገር ግን ጠያቂ ብቻውን መጽሐፍ አይሠራም፤ የሚመልስለት ያስፈልገዋል። ለሮስኮ ይህንን በር የከፈቱላቸው የቡጋንዳው ካቲኪሮ፥ ማለት ጠቅላይ ሚኒስትሩ፥ ሰር አፖሎ ካግዋ ናቸው። ካግዋ ከ1889 እስከ 1926 ድረስ ይህንን ሹመት የያዙ፥ ንጉሡ ሕፃን በነበረበት ጊዜም ከእንደራሴዎቹ አንዱ የሆኑ ታላቅ ሰው ነበሩ። የጥንቱን ሥርዐት የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከሩቅ አውራጃዎች ወደ ሜንጎ እየተጠሩ እንዲመጡና የሚያውቁትን እንዲናገሩ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ደግሞም ካግዋ ለሌላ ሰው ብቻ በር ከፋች አልነበሩም። ስለ ቡጋንዳ ነገሥታት ታሪክ በ1901፥ ስለ ሕዝቡም ልማድ በ1905 በሉጋንዳ ቋንቋ መጻሕፍት አሳትመዋል። ስለዚህ በሮስኮ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ዕውቀት በብዙው የካግዋና የጠሯቸው ሽማግሌዎች ዕውቀት መሆኑን አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም። ሮስኮም ራሳቸው በመጽሐፋቸው መቅድም ካግዋን አመስግነዋል። ከሽማግሌዎቹ የብዙዎቹ ስም ግን ሳይጻፍ ቀርቷል።

ሥራው የሚያስቸኵል ነበር። ከ1900 ጀምሮ በሐይቁ ዳርቻ የተነሣው የእንቅልፍ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 ሺህ ሰው በላይ ጨረሰ። ደሴቶች ባዶ ሆኑ፤ ከሟቾቹም ጋራ ብዙ ነገር ሳይነገር ተቀበረ። ከጦርነቱ የተረፉት አዛውንቶችም በዕድሜ እያለቁ ይሄዱ ነበር፤ ወጣቱም በአዲሱ ትምህርት ተማርኮ የአባቶቹን ሥርዐት ከመጠየቅ ይልቅ ያፍርበት ጀመር። ሮስኮ ሌላ ሃይማኖት ሊሰብኩ የመጡ ሰው ሲሆኑ፥ የሚሻረው ሥርዐት ሳይጻፍ እንዳይጠፋ መጣደፋቸው የሚያስገርም ነው።

ከሰበሰቡት ሁሉ ዝነኛ የሆነው ስለ ነገሥታቱ ዐፅም የጻፉት ነው። በጥንቱ ሥርዐት ካባካው ሲያርፍ ሬሳው እንዲደርቅ ተደርጎ በልዩ ቤት ይቀመጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሹማምንቱ የተወሰኑ ሰዎችን ልከው የራስ ቅሉን ያስወጣሉ። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅሉ ተለይቶ ሥጋው እንዲጠራ ጕንዳን ባለበት ኩይሳ ውስጥ ይደረጋል፤ ከዚያም በሙዝ ጠላና በወተት ይታጠባል። በመጨረሻ በዛጎልና በዶቃ አጊጦ፥ ከዋርካ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ በሚሠራ ጨርቅ ተጠቅልሎ፥ ከንጉሡ እትብት ጋራ ለብቻው በተሠራ ቤት ይቀመጣል። እትብቱ እንደ ንጉሡ መንትያ ይቈጠር ስለ ነበረ በሕይወት ሳሉም በክብር ይጠበቅ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ እንደ አገራችን ባለዛር ያለ አንድ ሰው ተሹሞ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ በእርሱ አፍ ይናገራል ተብሎ ይታመናል።

ይህንን ሲያነብ የሚደነግጥ ሰው ቢኖር ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባዋል። መንጋጋ የንግግር መሣሪያ ነው፤ ንጉሥም በቃሉ የሚገዛ ሰው ነው። ስለዚህ የንጉሥ መንጋጋ የተቀመጠበት ቤት ለባጋንዳ ሕዝብ ከመቃብር በላይ የሆነ ቤተ መዝገብ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የአንድን ንጉሥ ስምና የዘመኑን ታሪክ የሚጠብቁ ባለሟሎች ነበሩት። ካግዋም የነገሥታቱን ተራ በመጽሐፋቸው ሲደረድሩ እነዚህ ቤቶችና ጠባቂዎቻቸው ምስክር ሆነውላቸዋል። ከዚህ ልማድ ወጥተው መንጋጋቸው ሳይለይ በሙሉ አካላቸው የተቀበሩት የመጀመሪያው ንጉሥ ከላይ የተጠቀሱት ቀዳማዊ ሙቴሳ ናቸው።

አሁን ወደ ታሪኩ ፈታኝ ክፍል እንመጣለን። የባጋንዳ ሕዝብ ኪቡካ የሚባል የጦርነት አምላክ ነበረው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ኪቡካ ከሐይቁ ደሴቶች መጥቶ ንጉሥ ናኪቢንጌን ከቡንዮሮ ጋራ በተደረገ ጦርነት ረዳ፤ በደመና ውስጥ ሆኖ ከላይ ፍላጻ ይወረውር ነበር። በኋላ ግን አንዲት ምርኮኛ ሴት ምስጢሩን ዐውቃ ለወገኖቿ ስለ ነገረችባቸው፥ እነርሱም ወደ ደመናው ወርውረው አቈሰሉት፤ በማዎኮታ አውራጃ ምባሌ በተባለ ስፍራም በዛፍ ላይ ወድቆ ሞተ። በዚያ ስፍራ ቤት ተሠርቶለት ለብዙ ዘመን ይመለክ ነበር። በሃይማኖት ጦርነቶቹ ጊዜ ቤቱ ቢቃጠልም ቅሪቱን ጠባቂዎቹ አዳኑት። ከዓመታት በኋላ ይህ ቅሪት በካግዋ ረዳትነት በሮስኮ እጅ ገባ፤ ሮስኮም በ1907 ስለዚሁ ጽፈው ቅሪቱን ወደ ካምብሪጅ ቤተ መዘክር ላኩት።

ጥቅሉ ሲፈታ የሰው መንጋጋ፥ እትብትና ሌላም የአካል ክፍል ተገኘ። ሮስኮና ፍሬዘር ከዚህ ተነሥተው ኪቡካ በመጀመሪያ ሥጋና ዐጥንት የነበረው ሰው ነው፤ አምላክ የተባለው በኋላ ነው የሚል ፍርድ ሰጡ። ይህ አፈ ታሪክን በዐጥንት ምስክርነት ለመመርመር ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ሊባል ይችላል።

ነገር ግን የዐጥንትን ምስክርነት መስማት ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዛሬ በፍርድ ቤት ስለ ዐፅም የሚመሰክር ባለሙያ፥ ከጥርስና ከዐጥንት እድገት ዕድሜን፥ ከዳሌ ዐጥንት ወንድነትን ወይም ሴትነትን፥ ከጭን ዐጥንት ርዝመት ቁመትን ይገምታል። ደግሞም ዐፅሙ ከየት ወጥቶ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያረጋግጥ መዝገብ ይጠይቃል። በእኛም አገር በ1990ዎቹ የአርጀንቲና ባለሙያዎች ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋራ ሆነው በደርግ ዘመን የተገደሉትን ሰዎች ዐፅም ሲያስወጡና ሲመረምሩ የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ሚዛን ብንመዝነው የምባሌው መንጋጋ የሚያስረዳው አንድ ሰው መሞቱንና በክብር መጠበቁን ነው። ያ ሰው ከናኪቢንጌ ጋራ የተዋጋው ኪቡካ ለመሆኑ ግን ያለው ማስረጃ የጠባቂዎቹ ቃል ብቻ ነው። እንግዲህ ዐጥንቱ የተናገረው በጠባቂዎቹ አፍ ነው፤ ከእነርሱ ተለይቶ በመስተዋት ሣጥን ሲቀመጥ ግን ዲዳ ይሆናል።

ሮስኮ በ1909 ከዩጋንዳ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1911 ባጋንዳ የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ስለ ጐሣዎች፥ ስለ ልደትና ስለ ሞት፥ ስለ መንግሥት ሥርዐት፥ ስለ ከብትና ስለ እርሻ፥ ስለ ጦርነትና ስለ አምልኮ በዝርዝር ተጽፏል። በ1912 ኖርፎክ በሚባለው አውራጃ በኦቪንግተን መንደር የቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆነው ተሾሙ። በ1915 ደግሞ በሰሜን ስላሉት ሕዝቦች ሌላ መጽሐፍ አወጡ።

ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲጠጋ የጥናት መንገዳቸው እንደ ገና ተከፈተ። ሰር ፒተር ማኪ የተባለ የስኮትላንድ ባለጸጋ ገንዘብ ሰጥቶ፥ በሎንዶን የሚገኘው የሮያል ሶሳይቲ ሊቃውንት ጉባኤ ጉዳዩን ይዞ፥ በ1919 እና በ1920 ሮስኮ ወደ ዩጋንዳ ተላኩ። በአንኮሌ፥ በቡንዮሮና በኤልጎን ተራራ አካባቢ ባሉት ሕዝቦች መካከል እየተዘዋወሩ ጠየቁ። ከዚህም ጉዞ በ1923 እና በ1924 ሦስት መጻሕፍት ወጡ። በእነዚህ አገሮች የተቀመጡት ለአጭር ጊዜ በመሆኑ፥ ቋንቋውንም እንደ ሉጋንዳ ስላላወቁት፥ እነዚህ መጻሕፍት የባጋንዳውን ያህል ጥልቀት አላገኙም። አንድን ሕዝብ ለማወቅ ጊዜና ቋንቋ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ የራሳቸው ሥራዎች ሲነጻጸሩ ይመሰክራሉ። ሰር አፖሎ ካግዋ በ1927 ሲያርፉ፥ ሮስኮም በ1932 በኦቪንግተን ዐረፉ።

የሁለቱ ሰዎች ሕይወት ቢያበቃም የዐፅሞቹ ታሪክ አላበቃም። በ1908 በካምፓላ በሉጋርድ ምሽግ የተጀመረው የዩጋንዳ ቤተ መዘክር በ1954 በኪታንቴ ኰረብታ ላይ የራሱን ሕንጻ አገኘ። ዩጋንዳ ነፃነቷን በተቀዳጀችበት በ1962 የኪቡካ ቅሪት ከካምብሪጅ ወደ ካምፓላ ተመልሶ በዚሁ ቤተ መዘክር ተቀመጠ። በካሱቢም ከቀዳማዊ ሙቴሳ ቀጥሎ፥ በስደት በሲሼል ደሴቶች በ1903 የሞተው ምዋንጋ በ1910፥ በሎንዶን በ1969 ያረፉት ዳግማዊ ሙቴሳም በ1971 ዐፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሶ ተቀብሯል። ሕዝቡ የሣር ክዳኑን ታላቅ ቤት በ2010 እሳት ቢበላውም እንደ ገና ሠርቶ አቁሞታል። በ2024 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ 39 የዩጋንዳ ቅርሶችን ወደ ካምፓላ ቤተ መዘክር ልኳል፤ የመጡት ግን በውሰት ውል ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ በሰባት ዓመት ዕድሜው የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በእንግሊዝ አገር ዐርፎ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ተቀብሯል። በ2019 የአባቱ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር ወደ አገሩ ሲመለስ፥ የልጁ ዐፅም ግን እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ በ2023 ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል። ምክንያት ሆኖ የተሰጠውም በዚያው የተቀበሩት የሌሎች ሰዎች ዐፅም ይነካል የሚል ነው። እትብቱ በአንድ አገር፥ ዐፅሙ በሌላ አገር የቀረ ሰው ነገር ምን ያህል እንደሚያሳዝን እኛና የባጋንዳ ሕዝብ እኩል እናውቃለን።

እንግዲህ በሮስኮ ላይ ምን ፍርድ እንስጥ? ባይጽፉት ኖሮ ከዚያ ትውልድ ጋራ የሚጠፋ ብዙ ነገር ነበረ። ዛሬ የቡጋንዳን ታሪክ የሚያጠኑ የዩጋንዳ ሊቃውንት መጽሐፋቸውን ከካግዋ መጻሕፍት ጋራ ጐን ለጐን አድርገው ያነቡታል። በትዕግሥት መጠየቃቸው፥ ቋንቋ መማራቸው፥ የሰሙትን በሥርዐት ማስፈራቸው የሚመሰገን ነው። ቅሪቱን ከጠባቂዎቹና ከአገሩ አርቀው መስደዳቸው ግን በዘመኑ ልማድ የተሠራ ቢሆንም ሊመሰገን አይችልም። የቡጋንዳው መሪ ራሳቸው ረድተውበታል ቢባል እንኳ፥ አንድ ትውልድ በአዲስ እምነት ተነሣሥቶ የሰጠውን የሚቀጥለው ትውልድ መልሶ ሊጠይቅ እንደሚችል 1962 አሳይቷል። ቃሉን በመጻፋቸው የቡጋንዳ ሀብት አልጐደለም፤ ዐፅሙን በመውሰዳቸው ግን የምባሌ ቤት ባዶ ሆነ። በዕውቀትና በዝርፊያ መካከል ያለው ድንበር ከዚህ ላይ ነው።

ለእኛ ለመምህራን ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። በየወረዳው፥ በየትምህርት ቤቱ አጠገብ፥ ዐጥንት የሚቈጥሩ፥ የመቃብሩን ባለቤት በስሙ የሚያውቁ፥ የቦታውን ስም ትርጕም የሚያስረዱ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ። ተማሪዎች ወደ እነርሱ ሄደው በቋንቋቸው እንዲጠይቁ፥ የሰሙትን እንዲጽፉ፥ ከጽሑፉም ግርጌ የተናጋሪውን ስም ከነመንደሩ እንዲያሰፍሩ ማስተማር ይቻላል። ዕቃውንና ዐፅሙን ግን በቦታው፥ በጠባቂው እጅ ይተዉት። የሜንጎው ትምህርት ቤት ኀላፊ ከሥራቸው መካከል ጊዜ አግኝተው ይህን ያህል ከሠሩ፥ በገዛ አገራችንና በገዛ ቋንቋችን የምናስተምር እኛ ከዚያ የሚበልጥ ለመሥራት የሚያንሰን ነገር የለም።